የሀጃ ናፊሳ ጉልበት በእኔ እግር

የሀጃ ናፊሳ የጉልበት ሕክምና የሚሰጠው በእኔ እግር ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት እሷ አልጋዋ ላይ ሦስት ትራስ ተደግፋ ትቀመጣለች፤ እኔ ፊት ለፊቷ የፕላስቲክ ወንበር ላይ እቀመጥና ቀኝ እግሬን ቀስ አድርጌ ወደፊት እዘረጋለሁ። አምስት ቆጥሬ አወርዳለሁ። እንደገና እዘረጋለሁ። እሷ ዓይኗን ሳትነቅል ታየኛለች። ዐሥር ጊዜ ሲሞላ በረጅሙ ትተነፍስና፣ «ይበቃል፣ ደከመኝ። ዛሬ ግን ትንሽ ቀለል ሳይለኝ አልቀረም» ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። አትቀልድም። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ልብሷን ያጠብኩት እኔ፣ ሽንኩርቷን ከትፌ ያለቀስኩት እኔ፣ ልጇ ኢንቲሳር ኩፍኝ ሲይዛት አጠገቧ ቁጭ ብዬ ያነጋሁት እኔ ነኝ። እንቅስቃሴውንም እኔ ብሠራላት ለእሷ ምኑ ይገርማታል።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ዶክተሩ ጉልበቷን አይቶ «ኹሹና ነው» አላት። ሸካራነት ማለቱ ነው፤ በአጥንትና በአጥንት መሀል ያለው ልስላሴ ያልቅና አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል። እኔ አጠገቧ ቆሜ ስሰማ የራሴን ጉልበት የሚናገር ነበር የመሰለኝ። ያለ መርፌ በእንቅስቃሴ ወደሚያክሙበት ክሊኒክ፣ እዚህ ዓደን ከተማ ዒላጅ ጠቢዒ ወደሚሉት፣ ዐሥር ቀን የሚያስገባ ካርድ ጻፈላት። ታዲያ ቤታችን ያለው ማዓላ ሰፈር ዋናው መንገድ ላይ፣ እንግሊዞች ሠርተውት የሄዱት ፎቅ አራተኛው ላይ ነው። አሳንሰር የለውም። ሰባ ሁለት ደረጃ ነው፤ እኔ ነኝ የቆጠርኩት። ሀጃ ለዶክተሩ በሁለት ሰው ተደግፋ አንድ ቀን ወርዳ ስትመለስ ግማሹን መንገድ አለቀሰች፣ ከዚያ በኋላ የበሩን ደፍ አላለፈችም። ካርዱን ሰጠችኝና፣ «አንቺስ ጉልበትሽን ያምሽ የለ? ሂጂ፣ የሚሉትን ስሚ፣ መጥተሽ ታሳዪኛለሽ» አለችኝ። ባልጦዬን፣ ጥቁሩን ረጅም መደረቢያዬን፣ ደርቤ፣ ኒቃቤን አስሬ ሄድኩ። ካርዱ ላይ ፎቶ የለም። «ናፊሳ!» ብለው ሲጠሩ «አቤት» አልኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ዛሬ ዘጠነኛው ቀን ነበር። ከመሄዴ በፊት እንደ ልማዳችን እግሬን ዘርግቼ እየቆጠርኩ ሳለ የሀጃ ስልክ ጮኸ። ኢንቲሳር ነበረች፣ ክሬተር ሰፈር ከባሏ ቤት። ሀጃ እኔ ፊቷ ተቀምጬ እንዳለሁ፣ እንደ ቁም ሳጥኑ ቆጥራኝ ስለ እኔ ማውራት ጀመረች።

«ዛሂዳማ አለቀላት፣ ልጄ። ደረጃው ላይ ሦስቴ ታርፋለች፤ እዚህ ተኝቼ እቆጥራታለሁ። ትናንት ዓሣው ሞቆ ነው የደረሰው… አይ፣ አይ፣ ባዕድ ሰው ቤቴ አላስገባም። ሂክማ አለች አይደል? የልጅ ልጇ። ዐሥራ ሰባት ሞላት፣ እግሯ እንደ ፍየል ነው። ዛሂዳ ኩሽና ትቀመጥ፣ ልጅቷ ትውጣ ትውረድ… ትምህርት? ተዪኝ እባክሽ፣ ስንቱ ተምሮ ጫት ቤት ቁጭ ብሏል። ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ነይና አብረን እንነግራታለን።»

እግሬን አየር ላይ እንዳንጠለጠልኩ ቀረሁ። አምስት ማለፉን፣ ዐሥር ማለፉን አላወቅኩም። ጭኔ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሀጃ ስልኩን በመዳፏ ከደነችና፣ «ኧረ አውርጂው፣ አመመኝ እኮ!» አለችኝ። አወረድኩት።

ሂክማ ከኔ ጋር እዚሁ ቤት ከኩሽናው ጎን ባለችው ክፍል ነው የምትኖረው። እናቷ፣ ልጄ ማለት ነው፣ ሪያድ ሰው ቤት ናት። እኔ ሰው ቤት፣ እናቷ ሰው ቤት። ሦስተኛዋ እንዳትገባ ብዬ ነው ይህን ደረጃ ጉልበቴ እስኪሸካከር የተመላለስኩበት። ሁለተኛ ደረጃ ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቷታል፤ አንድ ዓመት ብቻ። እኔ ወሎ ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆምኩት፣ ሰባተኛን በሩቁ እንደ ሰው አጥር ሳየው ኖርኩ። ሂክማ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሻይዋን ሳትጨርስ ነው የወጣችው። ያንን መንገድ ስትሻገር ግራ ቀኝ አታይም፣ ሞተር ብስክሌቱ እንደ ንብ ነው፣ ሻርፗን በመርፌ ቁልፍ አትይዘውም፣ ስንት ጊዜ ነገርኳት። ባልጦዬን ስለብስ አዝራሩን ሁለቴ ሳትኩት።

ስወርድ የታመመው ቀኝ እግሬ ይቀድማል፣ ስወጣ ደህናው ግራ ይቀድማል፤ ይህን ያስተማረችኝ የክሊኒኳ ልጅ ዐሊያ ናት። ዕድሜዬን ሙሉ የገለበጥኩት ነገር። ምርኩዝም ብትይዢ ከታመመው በተቃራኒ እጅሽ ነው ብላኝ ነበር፤ ምርኩዝ ግን አልያዝኩም። ደረጃው ላይ ቋ ቋ ሲል ሀጃ ይሰማታል። ከታች፣ ከደረጃው ሥር ባለችው ጉድጓድ በምታክል ሱቅ ውስጥ የከሚሴው ሲራጅ ልብስ ይተኩሳል። ኒቃቤን አይቶ ካውያውን አነሳና፣ «ዛሬስ ማን ነሽ? ዛሂዳ ነሽ ወይስ ሀጃ ናፊሳ?» አለኝ።

«ሸሚዝህ እንዳያርር፣ ዝም በል።»

«ሀጃ ከሆንሽ ዱዓ አድርጊልኝ፣ ዛሂዳ ከሆንሽ ሻይ ጠጪ።»

ሌላ ቀን ብሆን እስቅ ነበር። «ሲራጅ፣ ስመለስ ዕቃ ይዤ እመጣለሁ፣ እንዳትሄድ» አልኩትና ሚኒባስ ያዝኩ። ሠላሳ ሪያል ነው እስከ ክሬተር። መስኮት አጠገብ ተቀምጬ፣ ጉልበቴን በሁለት እጄ ይዤ፣ ሦስቴ ማረፌን የቆጠረችውን አሰብኩ። ሰው እንዴት የሰውን ዕረፍት ይቆጥራል? እኔ የማርፍበት እያንዳንዱ ፎቅ ላይ፣ ግድግዳው ተደግፌ ፌስታሉን እግሬ ሥር አስቀምጬ «ያ ረቢ» ስል፣ እሷ እዚያ ላይ ጣቷን ታጥፍ ኖሯል።

ክሊኒኩ ከገበያው ጀርባ፣ ምድር ቤት ነው፤ ይህችን እንኳ አስበውበታል። የሴቶቹ ክፍል ስድስት አልጋ፣ አረንጓዴ መጋረጃ፣ የሙቀት ከረጢት የሚቀቅሉበት ትልቅ ድስት የመሰለ ነገር አለው። ጥግ ላይ ደግሞ የእንጨት ደረጃ ተሠርቷል፤ አራት መውጫ፣ አራት መውረጃ፣ በሁለት ወገን መደገፊያ። የትም አያደርስም። ሴቶች ተሰልፈው ይወጡታል፣ ይወርዱታል፣ ይመለሳሉ። መጀመሪያ ቀን ሳየው ሳቄ መጥቶ ነበር፤ እኔ የሚያደርስ ደረጃ ሞልቶኝ ለማያደርስ ደረጃ በሚኒባስ መጣሁ ብዬ። ውስጥ ስንገባ ሁላችንም ኒቃባችንን እንገልጣለን። ዓደን ውስጥ የኔን መልክ የሚመስል ዓደኒ ሞልቷል፣ አነጋገሬም ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ የእነሱ ሆኗል፤ ስለዚህ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

ዐሊያ ሠላሳ አይሞላትም፤ እጇ ግን የትልቅ ሴት እጅ ነው፣ ሙቅና ደረቅ። የሙቀቱን ከረጢት አንስታ ጉልበቴን በፕላስቲክ መለኪያ ለካችው፣ ምን ያህል እንደሚታጠፍ። ከዚያ ወንበር ላይ አስቀምጣኝ፣ እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ እንድነሳና እንድቀመጥ ሰዓት ያዘችብኝ። በመጀመሪያው ቀን በግማሽ ደቂቃ አምስት ጊዜ ነበር የተነሳሁት። ዛሬ ዘጠኝ። «ከዐሥር ሕመምሽ ስንት ነው?» አለችኝ። ስምንት የነበረው አምስት ሆኗል አልኳት። ጻፈች። እስክሪብቶዋን ከደነችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ኻላ፣ ትክክለኛ ስምሽን ትነግሪኛለሽ?» አለችኝ፤ ኻላ አክስቴ ማለቷ ነው።

ካርዱን ትቀማኛለች፣ ለሀጃ ይደወላል፣ ዛሬውኑ ሂክማን… ሁሉም በአንዴ መጣብኝ። «ናፊሳ» አልኩ፣ ለራሴ እንኳ በማይሰማ ድምፅ።

«ካርዱ ላይ የናፊሳ ክብደት ዘጠና አራት ኪሎ ይላል» አለች ዐሊያ። «አንቺ ሃምሳ ትሞያለሽ?»

ከተቀመጥኩበት ተነስቼ ልሄድ ጫማዬን በእግሬ ስፈልግ ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ። ከመጀመሪያው ቀን ማወቋን ነገረችኝ። ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ብላት፣ «ጉልበት ይዘሽ መጣሽ፤ ጉልበቱ ደግሞ እውነትም ታሞ ነበር» አለች። ስሜን ነገርኳት። ዛሂዳ። ከዚያ ሳላስበው ሁሉም ወጣ፤ አልጋው፣ ሦስቱ ትራስ፣ እኔ ስሠራ ሀጃ መመልከቷ፣ «ደከመኝ» ማለቷ። ዐሊያ እስክታነባ ሳቀች። የጎረቤቱ አልጋ ሴትዮ መጋረጃውን ገልጣ አየችን። ከዚያ ሳቋ በአንድ ጊዜ ቆመ።

«ወላሂ ይሄ የሚያስቅ አይደለም። ጡንቻ በማየት አይጠነክርም፣ ኻላ ዛሂዳ። አንቺ ሰባት ስምንት ቀን ሠርተሽ ይኸው ተሻለሽ። እሷ ግን በተኛች ቁጥር እግሯ እየቀለጠ ነው። እንዲህ ከቀጠለች ከስድስት ወር በኋላ መጸዳጃ ቤትም የሚሸከማት ሰው ያስፈልጋታል።»

የሚሸከማት ሰው። የሂክማን ትከሻ አሰብኩት። የደብተር ቦርሳዋ ማሰሪያ የሚንሸራተትበት ቀጭን ትከሻ ነው።

ዐሊያ በመጀመሪያው ቀን ጉልበትሽ ምን እንዲችል ትፈልጊያለሽ ብላኝ ነበር፤ ያኔ የሀጃን ፍላጎት ነው የመለስኩላት፣ ክሬተር ልጄ ቤት መሄድ እፈልጋለሁ ብዬ። አሁን እንደገና ጠየቀችኝ፤ ያንቺስ? ሱጁድ እንደምላት ጠብቃ ነበር፣ ምክንያቱም ሁለት ዓመት ሙሉ ግንባሬ መሬት ሳይነካ ወንበር ላይ ነው የምሰግደው። «አራት ፎቅ ሳላርፍ መውጣት» አልኳት። «ዛሬ።»

«ሱጁዱስ?»

«ሱጁዱ ይቆይ። አላህ ወንበር ላይም ሆኜ ያየኛል። ሀጃ ግን በጆሮዋ ነው የምታየኝ።»

ወደ እንጨቱ ደረጃ ወሰደችኝ። ወጣሁ፣ ወረድኩ። «ትፈጥኛለሽ» አለች። «ለዚህ ነው የምታርፊው። ቶሎ ልገላገለው ትይና ፎቅ ላይ ትወድቂያለሽ። ዕረፍቱን በየደረጃው አከፋፍይው። ደህናውን አስቀድሚ፣ የታመመውን አምጪ፣ ተንፍሺ። ደግሞ ደህናውን። ሳትቆሚ እያረፍሽ ትወጫለሽ።» ዐሥራ አምስት ጊዜ አመላለሰችኝ። ከዚያ፣ «ዕቃ ይዘሽ ግን አይሆንም» አለች። ማን ያወጣልኛል አልኳት። «በረንዳ የላችሁም? የኔ አያት እዚሁ ክሬተር ዘንቢል በገመድ ነው የምታወርደው።» በረንዳ አለን። ብረቱ ላይ የገመድ መዘውር እንኳ አለ፣ ከእንግሊዞቹ ዘመን የቀረ። ሀጃ ግን ማዓላ ዋና መንገድ ላይ ቅርጫት ማንጠልጠል የችግረኛ ሥራ ነው ብላ አንድ ቀን ፈቅዳ አታውቅም። ሀጃ ብትፈቅድም ከላይ ሆኖ የሚጎትት የለም፣ እኔ ታች ነኛ። ዐሊያ አየችኝ። «መጀመሪያ ባዶ እጅሽን ውጪ፣ ከዚያ ጎትቺ» አለችኝ። ሃያ አምስት ዓመት። አንድ ቀን አላሰብኩትም።

ስሰናበታት ካርዱን መለሰችልኝ። ዐሥረኛው መስመር ባዶ ነበር። «እሱን ለካርዱ ባለቤት ነው ያቆየሁት» አለች። «አንድ ፎቅም ቢሆን ትውረድና እኔ እመጣላታለሁ።»

ከገበያው ቱና ገዛሁ፣ ቲማቲም፣ ድንች፣ የምስር ፌስታል። ዓሣ ሻጩ በረዶ ጨምርልኝ ስለው አኩርፎ ጨመረልኝ። ማዓላ ስደርስ ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። ሁሉንም ሲራጅ እግር ሥር አስቀመጥኩና፣ በረንዳው ላይ ስወጣ ዘንቢል አወርድልሃለሁ፣ ጨምርበት አልኩት። «እኔ ላውጣልሽ፣ ምን ቸገረኝ?» አለ። «ያንተ እግር ኮቴ ይታወቃል» አልኩት። አልገባውም፤ ግን ካውያውን አስቀመጠና ተነስቶ ቆመ፣ የሆነ ሰው እንደሚሸኝ።

ቢስሚላህ ብዬ ደህናውን አስቀደምኩ። የታመመውን አመጣሁ። ተነፈስኩ። የመጀመሪያው ፎቅ ላይ ግድግዳው ላይ የኔ የመዳፍ ጥቁረት አለ፣ ከዓመታት መደገፍ የመጣ፤ እጄ ራሱ ወደዚያ ሊሄድ ሲል መለስኩት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የሕፃን ለቅሶና የተቀቀለ ሩዝ ሽታ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ አልጠረግኩትም፤ ኒቃቡ አፌ ላይ ተጣበቀ። ሦስተኛው ላይ ጉልበቴ ውስጥ አሸዋ የተፈጨ መሰለኝ። ከዐሥር ስንት? ስምንት። ምናልባት ዘጠኝ። እዚህ ቆሜ ነው ሁልጊዜ «ያ ረቢ» የምለው፤ ዛሬ እየሄድኩ አልኩት። ሃምሳ ስምንት፣ ሃምሳ ዘጠኝ። ከላይ የቤታችን በር በሙቀቱ ምክንያት ገርበብ ብሎ ነበር፣ የሀጃ አልጋ ሲንቋቋ ተሰማኝ። እየሰማችኝ ነው። ሰባ። ሰባ አንድ።

«ሂክማ? መጣሽ ልጄ?» አለች ከውስጥ።

በሩን ይዤ ቆምኩ። ትንፋሼ እስኪመለስ መልስ መስጠት አልቻልኩም። «እኔ ነኝ፣ ሀጃ» አልኩ በመጨረሻ። «ሂክማ ትምህርት ቤት ናት።»

የጣራው ማራገቢያ ይጮሃል። «አላረፍሽም እኮ» አለች።

«አላረፍኩም።»

ኒቃቤን ፈትቼ፣ ከኩሽና ዘንቢሉን ከነገመዱ ይዤ ወደ በረንዳው ወጣሁ። መዘውሩ ዝጓል፤ ትንሽ ዘይት ጠብ አደረግኩበት። ገመዱን ሳወርድ ሀጃ፣ «ምን እየሠራሽ ነው? ዛሂዳ! ሰው ያየናል!» ብላ ጮኸች። ሲራጅ ደግሞ ከታች መንገዱን ሁሉ በሚያሰማ ድምፅ፣ «ሀጃ ናፊሳ! ዓሣሽ እየመጣልሽ ነው!» አለ። ሀጃ ትራሱን ፊቷ ላይ አደረገች። እኔ ግን ጎተትኩ። እጄ ገና ጠንካራ ነው፤ ለካ ጉልበቴ ብቻ ነው ያረጀው። ዓሣው ከነበረዶው ደረሰ።

ሂክማ ሰባት ሰዓት ላይ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች መጣች። ምሳዋን አቀረብኩላት። የሰማሁትን ልነግራት አፌ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። «ሻይሽን ሳትጨርሺ ነው የወጣሽው» አልኳት።

«እማዬ፣ ለሻይ ነው እንዲህ ፊትሽ የጠቆረው?»

«መንገድ ስትሻገሪ ታያለሽ?»

«አያለሁ።»

አታይም። እየበላች ጉልበቴን አየችው፣ አብጧል። ተነስታ ዓሣው ከመጣበት በረዶ የቀረውን በፎጣ ጠቅልላ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከዚያ ክፍላችን ገብታ ደብተሯን ከፈተች። ሳህኑን ሳጥብ በግድግዳው ውስጥ ድምፅዋ ይሰማኝ ነበር፣ የኬሚስትሪውን ነገር ጮክ እያለች ስታጠና። አንድ ቃል አይገባኝም፤ ግን ስታቆም ይታወቀኛል፣ ስታቆም ልቤ ይቆማል።

የዐስር አዛን ካለቀ በኋላ ወንበሬ ላይ ሰግጄ ስጨርስ ከታች ኮቴ ተሰማ። ሀጃ ጆሮዋን አቀናች። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ኮቴው ዐሥራ ስምንት ያህል ደረጃ ወጣና አንደኛው ፎቅ ላይ ቆመ። «አንድ» አለች ሀጃ፣ ከልማዷ፣ ሳታስበው። ኮቴው ቀጠለ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆመ፣ ፌስታል መሬት ሲቀመጥ ተሰማ። «ሁለት» አለች፣ ድምፅዋ ቀነሰ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ቆመ። ማን እንደሆነች በዚህ ጊዜ ሁለታችንም አውቀናል። ሀጃ ሦስት አላለችም። እኔን አየችኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

ኢንቲሳር እያለከለከች ገባች። ሠላሳ አልፏታል፤ ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ያ ረቢ፣ ይሄ ደረጃ ሰው ይገድላል!» አለች። ውሃ ሰጠኋት። ጠጥታ ስታበቃ ጉሮሮዋን ጠረገችና በእናቷ ፈንታ ጀመረችው፤ እድሜዬ መግፋቱን፣ ለኔ አዝነው መሆኑን፣ ሂክማ ብትገባልኝ እኔ ኩሽና ውስጥ ተቀምጬ እንደማርፍ። ደግ ልጅ ናት፣ እኔ ነኝ ያሳደግኳት፤ ስታወራ ግን ዓይኔን አላየችም። እየተናገረች ሳለ መብራት ጠፋ፣ ማራገቢያው እየዘገመ ቆመ፣ ሙቀቱ እንደ ብርድ ልብስ ወረደብን። ክፍላችን ውስጥ የሂክማ ንባብ መቆሙን ሰማሁ። እየሰማች ነው ማለት ነው።

በዚህ ቤት ውስጥ «አይሆንም» ብዬ አላውቅም። ቃሉ ከየት እንደሚጀመር ጠፋኝ። «ሂክማ አትገባም» አልኩ።

ኢንቲሳር ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች።

«ዛሬ ሐኪሟ ነገረችኝ፣ ሀጃ» አልኩ ወደ አልጋው ዞሬ። «እኔ ስሠራ ብታዪ ያንቺ እግር አይድንም። እንዲህ ከተኛሽ ከስድስት ወር በኋላ መጸዳጃ ቤት ተሸክሞ የሚወስድሽ ሰው ትፈልጊያለሽ። ሂክማ አርባ ሰባት ኪሎ ናት። አትችልሽም። ኢንቲሳርም ይኸው አየሻት። እኔም አልችልሽም። ጉልበትሽ ነው የሚሸከምሽ፣ እሱ ደግሞ ያንቺ ነው።»

ነገ ከነጓዜ ደረጃው ላይ እንዳልጣል፣ የመኖሪያ ወረቀቴ በሀጃ ስም እንደሆነ፣ ልጅቷን ይዤ ወዴት እንደምገባ፣ ሁሉንም እያሰብኩ ነበር የተናገርኩት። ሀጃ የአንገቷን ላብ በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። «ዘንቢሉን ጎረቤት ሁሉ አየው» አለች በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ወደ ኢንቲሳር ዞራ፣ «ረመዳን ይለፍና እናያለን» አለች።

ረመዳን አራት ወር ቀርቶታል። አራት ወር የአንድ ዓመት ሲሶ ነው። ተጨማሪ አልጠየቅኩም። ቀሪውን ከየት እንደማመጣው ገና አላውቅም፤ አሁን አላህ የሰጠው ይህን ነው። ኢንቲሳር ሻይ አፈላለሁ ብላ ወደ ኩሽና ሄደች፣ ከሠርጓ ወዲህ በዚህ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ።

ፎጣ ጠቅልዬ ወደ አልጋው ቀረብኩ። የሀጃን ቀሚስ ከፍ አድርጌ ጥቅሉን ከጉልበቷ ሥር አስገባሁት። እግሯ ፀሐይ ያላየው፣ ነጭና ልል፣ እንደ ሊጥ። «ወንበርሽ ላይ ተቀመጪና አሳዪኝ፣ እኔ ልይሽ» አለች፣ በፍርሃት ነው ያለችው። ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ፣ እጄን ግን የራሴ ያበጠ ጉልበት ላይ አስቀመጥኩት።

«ዛሬ እኔ ነኝ የማየው» አልኳት። «ፎጣውን በጉልበትሽ ወደ ታች ተጫኚው።»

ዓይኗን ጨፈነች። ጭኗ ውስጥ የሆነ ነገር ሲነሳ አየሁ፣ ትንሽ፣ የተኛ ሰው ሲገላበጥ እንደሚነሳው። «አንድ» አልኩ። «ሁለት።» ጮኸች፣ ኢንቲሳር ከኩሽና ብቅ አለች። «ሦስት» ላይ ለቀቀችው።

«ይበቃል፣ ደከመኝ» አለች፤ ዛሬ እውነቷን ነው፣ ግንባሯ ላይ ላብ አለ።

ከግድግዳው ወዲያ ሂክማ ማንበብ ጀመረች።

«አንድ ሆነልን፣ ሀጃ» አልኳት። «ዘጠኝ ቀረን።»